22 ዋንጫ ያነሳ የኮሌጅ አሰልጣኝ፦ ልጃችሁን ትሰጡት ነበር?

የአጥቂዋ_አባት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ቤተሰብ። ረጅም ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ልጄ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ጨረሰች። ኳስ ትጫወታለች። እዚህ አሜሪካ የኮሌጅ አሰልጣኝ አንዲትን ልጅ በቀጥታ ማነጋገር የሚፈቀድለት 10ኛ ክፍል ከጨረሰች በኋላ ከጁን 15 ጀምሮ ነው። ሌሊት 6 ሰዓት ሲሞላ ስልኩ ይጮኻል ይሉ ነበር። እኛ ቤት እንኳን ዝናቡ አልወረደም፤ ካፊያ ነው። ሦስት ኢሜይልና ሁለት ስልክ። ግን ልጅቷም አልተኛች፣ እኔም አልተኛሁ።

በማግስቱ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ስለ ኮሌጅ የሴቶች ኳስ ስታነቡ ከአንድ ስም አታመልጡም። አንሰን ዶራንስ ይባላል። የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ነበር።

ሰውየው በ1951 ቦምቤይ ተወለደ። አባቱ የነዳጅ ኩባንያ ሰው ስለነበሩ ቤተሰቡ አንድ አገር አልረጋም። ልጅነቱን ያሳለፈባቸውን አገሮች ሳነብ፦ ሕንድ፣ ኬንያ፣ ኢትዮጵያ... ቆይ፣ ኢትዮጵያ? ባለቤቴን ከኩሽና ጠርቼ አነበብኩላት። «ታዲያ እንጀራ ይበላል በለኛ» ብላኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ ሲንጋፖር፣ ቤልጂየም፣ ስዊዘርላንድ።

ራሱም ለኖርዝ ካሮላይና ተጫውቶ በ1974 ተመረቀ። ሕግ እየተማረ የወንዶቹን ቡድን ያዘ። በ1979 ዩኒቨርሲቲው የሴቶች ቡድን ሲያቋቁም እሱንም ጨምሩለት ተባለ። ሕጉን ተወው። እስከ 1988 ሁለቱንም ቡድን አብሮ አሰለጠነ። በዚያ ላይ ከ1986 ጀምሮ የአሜሪካ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ነበር። ሦስት ቡድን ለአንድ ሰው! እኔ አንድ የሰፈር ቡድን በፈቃደኝነት ይዤ በሁለተኛው ወር ነው ጸጉሬ የሸበተው።

ውጤቱን ልንገራችሁ። 22 ብሔራዊ ዋንጫ። የመጀመሪያው በ1981 በድሮው የሴቶች ስፖርት ማኅበር ስር፣ 21ዱ ደግሞ ከ1982 ጀምሮ ዛሬ በምናውቀው የኮሌጆች ውድድር። ከ1986 እስከ 1994 ዘጠኙን ተከታታይ ዓመት ማንም አልነካውም። በመካከሉ 92 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፏል። አቻ እንኳን የለበትም፤ 92ቱም ድል ነው። በ1991 ቻይና ላይ የመጀመሪያውን የሴቶች ዓለም ዋንጫ ኖርዌይን 2 ለ 1 አሸንፎ ወሰደ። ያኔ ሴቶች 90 ደቂቃ አይችሉም ተብሎ ይሁን ምን ይሁን፣ ጨዋታው 80 ደቂቃ ነበር። ዝነኛዋ አጥቂ ሚያ ሃም የእሱ ተጫዋች ነበረች፤ በ15 ዓመቷ ነው ለብሔራዊ ቡድን ያሰለፋት።

45 የውድድር ዘመን አንድ ቦታ ቆይቶ በነሐሴ 2024 ጡረታ ወጣ።

እንግዲህ ጥያቄዬ፦ እንዲህ ያለ ሰው ደውሎ «ልጅህን ስጠኝ» ቢላችሁ ምን ትጠይቁታላችሁ? ወይስ ዝም ብላችሁ ሻንጣዋን ታሸጋላችሁ?

---

ሪጎሬ_መቺው

ኢትዮጵያ ያደገ ሰው 22 ዋንጫ ወሰደ፣ ኢትዮጵያ የቀረነው እኛ አንዱንም አላየን። ውሃው አይደለም ማለት ነው ችግሩ 😂

---

የአጥቂዋ_አባት

ቀስ በል ወንድሜ፣ ሕፃን ሆኖ ነው የነበረው። ሕንድም ኬንያም ቤልጂየምም እንዳንተ ቢሉ ሰውየው ለማን ይዳረሳል?

---

ቁጥር_አስታራቂ

ጽሁፉ ደስ ይላል። ግን ቁጥሩን ትንሽ ላስታርቀው።

በ1982 የመጀመሪያው ውድድር ሲካሄድ የገቡት ቡድኖች 12 ብቻ ነበሩ። ዛሬ 64 ናቸው። በ1972 በትምህርት ቤት ጾታ ሳይለይ እኩል ዕድል ይሰጥ የሚለው ሕግ ወጥቶ ብዙ ዩኒቨርሲቲ ገና እያንቀላፋ ሳለ፣ ኖርዝ ካሮላይና ቀድሞ ነቃ። ገበያ በማለዳ የደረሰ ሰው ጥሩውን እህል እንደሚያነሳ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዋንጫዎች በዚህ ዓይን እዩዋቸው።

ሌሎቹ ሲነቁስ? ከ2012 በኋላ አንድም ዋንጫ አላነሳም። ፍጻሜ ደርሷል፤ በ2018 ለፍሎሪዳ ስቴት ተሸነፈ፣ በ2019 ለስታንፎርድ በመለያ ምት ተሸነፈ። የ2022ቱ ደግሞ ያማል። የሎስ አንጀለሱን ዩኒቨርሲቲ ዩሲኤልኤን 2 ለ 0 ይመሩ ነበር። አንድ ገባባቸው። ሊያልቅ 16 ሰከንድ ሲቀረው ሁለተኛው ገባባቸው። በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ተሸነፉ። በኮሌጅ ኳስ ሰዓቱ ወደ ታች ነው የሚቆጥረው፤ ሁሉም ሰው 16 ሰከንዷን በቦርዱ ላይ እያየ ማለት ነው። እኔ ጨዋታውን በስልኬ ሳይ አውቶቡሴ አመለጠኝ።

ስለዚህ ትልቅ ነው፣ አልክድም። ግን 22ቱ ዋንጫ ሁሉ እኩል አይመዝንም።

---

የድሮዋ_አማካይ (ዴንቨር)

ጋሼ፣ እኔ አራት ዓመት ኮሌጅ ተጫውቻለሁ፤ ስለዚህ ከውስጥ ልንገርዎት።

መጀመሪያ ያልጻፉትን ነገር ላንሳ። በ1998 ሁለት የቀድሞ ተጫዋቾቹ ዶራንስንና ዩኒቨርሲቲውን ከሰሱ። ክሱ ጾታዊ ትንኮሳ ነበር። ስለ ተጫዋቾቹ የግል ሕይወት፣ ስለ ወንድ ጓደኞቻቸው፣ በልምምድ ሜዳ ላይ የሚወራው ወሬ ነው ዋናው ጉዳይ። አንደኛዋ በ2004 በስምምነት ጨረሰች። የሌላኛዋ በ2007 ወደ ይግባኝ ሰሚው ሙሉ ችሎት ደረሰና ጉዳዩ ለፍርድ መቅረብ አለበት ተባለ። በጥር 2008 ዩኒቨርሲቲው 385,000 ዶላር ከፍሎ ተስማሙ። ሰውየው ክሱን አልተቀበለም። ነገር ግን በዚያ ወሬ መሳተፉ አግባብ እንዳልነበረ በጽሁፍ ይቅርታ ጠየቀ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ እግር ኳስ የዝና አዳራሽ ገባ፣ በዚያው ዓመት ሌላ ዋንጫም ወሰደ።

ይሄን የማነሳው ሰውየውን ለመስቀል አይደለም። ብዙ ልጆቹ እስከ ዛሬ እንደ አባት ነው የሚያዩት። ነገሩ ይሄ ነው፦ አሰልጣኙ ያሰልፍሻል ወይ ያስቀምጥሻል። የስኮላርሺፕ ገንዘብሽን ይጨምራል ወይ ይቀንሳል። ለብሔራዊ ቡድን ሰው ሲጠየቅ ስምሽን ያነሳል ወይ ይተዋል። በእሱ ጊዜ ደግሞ የብሔራዊ ቡድኑም አሰልጣኝ ራሱ ነበር! የ18 ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ሰው ደስ የማይላትን ጥያቄ ሲጠይቃት «ይሄ አይመለከትህም» ትለዋለች? አትልም። እኔ አልልም ነበር።

ሁለተኛ፣ የራሴን ልንገርዎት። ትምህርት ቤቱን ስሙን አልጠራም። ለሁለት ዓመት ሲጽፍልኝ፣ ቤታችን መጥቶ የእናቴን ዶሮ ወጥ በልቶ «ይቺ የቡድኔ ልብ ትሆናለች» ያለኝ አሰልጣኝ እኔ ልገባ አንድ ወር ሲቀረኝ ሥራ ቀየረ። አዲሱ መጣ። ረጃጅም ልጆች ነው የሚፈልገው። እኔን ደግሞ ያውቁኛል፣ ቁመቴ አንድ ሜትር ከሃምሳ ምናምን ነው። በመጀመሪያው ዓመት ያገኘሁት ደቂቃ ሲደመር አንድ ሙሉ ጨዋታ አይሞላም።

የኖርዝ ካሮላይና ልጆችም ቢሆኑ ዶራንስን ብለው ገብተው በነሐሴ ወር፣ ውድድሩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ ጡረታ ወጣ ተባሉ።

---

ሪጎሬ_መቺው

እና ከዚያ በኋላ ወደቁ?

---

ቁጥር_አስታራቂ

አልወደቁም፤ ይሄ ነው አስገራሚው። ምክትሉ ዴመን ናሃስ በጊዜያዊነት ያዘውና በዚያው በ2024 ታኅሣሥ ዌክ ፎረስትን 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ዶራንስ 12 ዓመት ያጣውን ማለት ነው።

ሰው ሁለት ዓይነት ይተረጉመዋል። አንዱ «ቤቱን በደንብ ስለሠራው ባለቤቱ ቢወጣም ቆመ» ይላል። ሌላው «ቀድሞ ቢወጣ ኖሮስ» ይላል። እኔ የመጀመሪያው ይበልጥብኛል።

---

አወያይ

የከሳሾቹን ስም በውስጥ የላካችሁልኝ አላችሁ። እዚህ አይለጠፍም። ቀጥሉ።

---

ኮች_ሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሐዋሳ የኮሌጅ ልጃገረዶች አሰለጥናለሁ። ደሞዜ የሚከፈለኝ ለሌላ ሥራ ነው፤ ኳሱ ትርፍ ነው።

የዶራንስን አሠራር አውቀዋለሁ፤ ሞክሬውም አውቃለሁ። በልምምድ ላይ ሁሉን ነገር ይመዘግባል። አንድ ለአንድ ማን ማንን አለፈች፣ ሩጫ፣ ምት፣ ቴስታ። ከዚያ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በደረጃ ለሁሉም እንዲታይ ይለጥፈዋል። ሐሳቡን ያገኘው እዚያው ዩኒቨርሲቲ ከነበረው ከቅርጫት ኳሱ አሰልጣኝ ከዲን ስሚዝ ነው። ሴት ልጅ ጓደኛዋን በልምምድ ማሸነፍ እንዳያሳፍራት፣ ከሜዳ ስትወጣ ደግሞ ጓደኝነቱ እንዳይሞት፤ ይሄን ነው የፈለገው።

እኔም ካርቶን ቆርጬ በር ላይ ለጠፍኩ። 18 ልጆች አሉኝ። በሦስተኛው ቀን መጨረሻ ላይ የነበሩት ሁለቱ ቀሩ። አንዷ ቤት ድረስ ሄጄ ጠየቅኳት። «ኮች፣ ቁርስ ሳልበላ ነው የምመጣው፤ ሩጫ ላይ አሥራ ስምንተኛ ብሆን ምን ይገርማል?» አለችኝ። ካርቶኑን አነሳሁት። አሁን እመዘግባለሁ፣ ግን ለእያንዳንዷ የራሷን ብቻ አሳያታለሁ። ከባለፈው ወር ጋር ከራሷ ጋር ነው የምትወዳደረው።

ታኬታም አለ። 18 ልጅ፣ 11 ጥንድ። ቅያሪ ሲደረግ የምትወጣዋ መስመሩ ላይ ቁጭ ብላ ታወልቃለች፣ የምትገባዋ ታጠልቃለች። ዳኛው ይጠብቀናል፤ ደግ ሰው ነው።

ከእሱ የወሰድኩት አንድ ነገር ግን ሠርቶልኛል። ወንዶችንም ሴቶችንም ስላሰለጠነ ልዩነቱን ሲናገር፣ ወንድ ጥፋቱን በቪዲዮ ካላሳየኸው አያምንም፣ ሴቷ ግን አስቀድማ ራሷን ወቅሳ ጨርሳለች ይላል። ስለዚህ ለሷ የሚታያት ጥሩ የሠራችው ነው። እኔ ድሮ በእረፍት ሰዓት እጮህ ነበር፤ እኔንም እንደዚያ ስለጮኹብኝ። ተውኩት።

---

የድሮዋ_አማካይ

አሰልጣኝ፣ የካርቶኑ ታሪክ ልቤን ነካው። በመጨረሻው ግን ትንሽ አልስማማም። እኔ ቪዲዮ ካላየሁ የማላምን ሴት ነኝ። ራሱን ሲወቅስ የሚያድር ወንድምም አለኝ። «ሴቶች እንዲህ ናቸው» የሚል አሰልጣኝ ትንሽ ያስፈራኛል።

---

ኮች_ሐዋሳ

ልክ ነሽ እህቴ። ከ18ቱ አራቱ እንዳንቺ ናቸው። እነሱን እጮህባቸዋለሁ፤ ደስ ይላቸዋል 🙂

---

ሳንሆዜ_ነኝ

ስለ ኮሌጅ ኳስ ይሄን ሁሉ ስታወሩ ናኦሚ ግርማን ማንም አለማንሳቱ ገረመኝ። የኛው ልጅ! እዚሁ ሳንሆዜ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዳ፣ ኳስ የጀመረችው አባቷና የሰፈሩ አበሾች ባቋቋሙት «ማለዳ» በሚባል ቡድን ነው። ልጆቹ ይጫወታሉ፣ ወላጆቹ በዳር ሆነው ይበላሉ ይጠጣሉ። እኔም አንዳንዴ ለምግቡ ብዬ ሄጃለሁ።

ከዚያ ስታንፎርድ ገባች። ከላይ ቁጥር_አስታራቂ «በ2019 በመለያ ምት ተሸነፈ» ብሎ ያለፈው ጨዋታ የት ነበር የተካሄደው? እዚሁ ሳንሆዜ! ዶራንስ በአንድ ወገን፣ በሌላው ወገን በገዛ ከተማዋ የምትጫወት የአበሻ ልጅ። ባዶ ለባዶ አለቀ። ሪጎሬው 5 ለ 4። ልጅነቱን ኢትዮጵያ ያሳለፈውን ሰው ያቆመው ኢትዮጵያውያን ያሳደጓት ተከላካይ ያለችበት ቡድን ነው። ይሄን ድራማ ማን ይጽፈዋል?

ከዚያ በኋላ በ2022 የፕሮፌሽናል ሊጉ ቡድኖች አዲስ ተጫዋች ሲመርጡ አንደኛ ሆና ተመረጠች፣ በ2024 ፓሪስ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ፣ በጥር 2025 ደግሞ ቼልሲ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ወሰዳት። በሴቶች ኳስ ከሚሊዮን ዶላር ያለፈው የመጀመሪያው ዝውውር ነው።

---

ቁጥር_አስታራቂ

አለፍኩት፤ ይቅርታ። ግን አንድ ጨምርበት። በ2019 ስታንፎርድ ወንበር ላይ ምክትል ሆና የተቀመጠችው ማርጌሪት አኦዛሳ ናት። ከዚያ ዩሲኤልኤ ዋና አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠራት። በዋና አሰልጣኝነት የመጀመሪያ ዓመቷ ነው በ16 ሰከንዱ ጎል ዶራንስን ያሸነፈችው። በዚህ ውድድር በመጀመሪያ ዓመቷ ዋንጫ ያነሳች ከሷ በፊት አልነበረም። ሁለት ፍጻሜ፣ ሁለቱንም በዚህች ሴትዮ እጅ።

---

የድሮዋ_አማካይ

አመሰግናለሁ፤ ሴት አሰልጣኝ እስኪነሳ እየጠበቅኩ ነበር። ቤኪ በርሊም አለች። ፍሎሪዳ ላይ በ1995 ከዜሮ ቡድን ጀምራ፣ በአራተኛው ዓመት፣ በ1998፣ ያንኑ ኖርዝ ካሮላይናን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫ ወሰደች።

ጂል ኤሊስንም አስቡ። ዩሲኤልኤ ላይ ከ1999 እስከ 2010 ዋና አሰልጣኝ ነበረች። የኮሌጅ ዋንጫ አንድም አላገኘችም። ከዚያ አሜሪካን ይዛ በ2015ና በ2019 ዓለም ዋንጫ ወሰደች። ዋንጫ እየቆጠረ አሰልጣኝ የሚመርጥ ሰው እሷን ይዘላት ነበር ማለት ነው። ጋሼ፣ ይሄ ለእርስዎ ነው።

---

የአጥቂዋ_አባት

ገባኝ ልጄ፣ ገባኝ። እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ጥግ ይዤ እያነበብኩ ነው።

እስኪ የሚጠየቀውን ንገሪኝ። ሙሉ ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ?

---

የድሮዋ_አማካይ

ሙሉ የሚባለው ለብዙዎች ተረት ነው። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ትልቁ ዲቪዚዮን ላይ ያለ አንድ ቡድን በድምሩ 14 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበረው። ያንን ለ25ም ለ28ም ልጅ ይሸነሽነዋል። አንዷ 80 ከመቶ፣ አንዷ 20፣ አንዷ የመጽሐፍ ብቻ። ከ2025 ወዲህ በአዲሱ የፍርድ ቤት ስምምነት ውስጥ የገቡት ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘቡ ገደብ ተነስቶላቸው፣ በምትኩ ቡድኑ ከ28 ተጫዋች እንዳይበልጥ ሆኗል። ስለዚህ «ቦታ አለሽ» እና «ገንዘብ አለሽ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለየብቻ ይጠይቁ፣ በጽሁፍ ይቀበሉ።

ዋናው ግን ይሄ ነው። አሰልጣኙን «ባለፈው ዓመት ምንም ያልተሰለፉ የሁለት ልጆች ስልክ ስጠኝ» ይበሉት። ኮከቦቹን አይደለም፣ ወንበር ላይ የከረሙትን። ኮከብ ስለ አሰልጣኟ ጥሩ ትናገራለች፤ ምን ታድርግ። ወንበር ላይ የነበረችው እንዴት እንደሚያወራት፣ ስትጎዳ ማን እንደጠየቃት፣ ቢሮው ሲጠራት በሩ ክፍት ይሁን ዝግ፣ እሷ ናት የምታውቀው። እናቷ ትደውል፤ ለእናት የበለጠ ይነገራል።

---

ኮች_ሐዋሳ

ይሄን ለኔ ወላጆችም ብትነግሪልኝ። እኔ ጋ ወላጅ የሚመጣው «ልጄን ከኳስ አስወጪልኝ» ለማለት ነው። ዘንድሮ አንድ አባት መጡ፤ አጥቂያችን ሎዛ አበራ ዋሽንግተን ሄዳ በፕሮፌሽናል ሊግ መፈረሟን በሬዲዮ ሰምተዋል። «የኔዋ መቼ ነው የምትሄደው?» አሉኝ። ልጃቸው በረኛ ናት፤ ኳስ ከጀመረች አምስት ወሯ ነው።

---

ሪጎሬ_መቺው

እኔ ለዚህ ውይይት ቀልድ ብቻ ነው ያዋጣሁት፤ አንድ ቁም ነገር ልጨምር። ሚያ ሃምን አንድ ማለዳ ዶራንስ ወደ ሥራው ሲነዳ መናፈሻ ውስጥ ብቻዋን ስትሮጥ አያት ይባላል። ማንም በሌለበት፣ በላብ ርሳ። አልጠራትም፤ መንገዱን ቀጠለና በኋላ አጭር ማስታወሻ ጻፈላት። ከ22ቱ ዋንጫ እኔን ይሄ ይበልጥብኛል። የኔ አሰልጣኝ ሰፈር ውስጥ ስሮጥ ቢያየኝ «ማን እያባረረህ ነው?» ነበር የሚለኝ።

---

የአጥቂዋ_አባት

ከስድስት ቀን በኋላ ተመለስኩ፤ እንዳላችሁት አደረግን።

ለሁለቱ አሰልጣኞች የወንበር ልጆቹን ስልክ ጠየቅን። አንደኛዋ አሰልጣኝ ትንሽ ሳቀችና ሦስት ቁጥር ላከች። ባለቤቴ ከአንዷ እናት ጋር 50 ደቂቃ አወራች። ልጅቷ ጉልበቷን ተጎድታ አንድ ዓመት አልተጫወተችም። አሰልጣኟ በየሳምንቱ ቁጭ ብላ ታናግራት ነበር፣ ገንዘቧንም አልቀነሱባት። ግን ልምምዱ ይከብዳል፣ ከ6 ሰዓት በላይ እንቅልፍ የለም አለች። ይሄም እውነት ነው ብለን ጻፍነው።

ሁለተኛው «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እመለስበታለሁ» አለ። እስካሁን አልተመለሰም።

ልጄ የትኛውን የወደደች ይመስላችኋል? ያልተመለሰውን። «አባዬ፣ መለያቸው እኮ ያምራል» አለችኝ። ገና ዓመት አለን፤ እየተከራከርን ነው።

---

ኮች_ሐዋሳ

ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ልጅህ የጠበባት ታኬታ ካለ አትጣለው። 37ም 38ም ይሆነኛል።

---

የአጥቂዋ_አባት

ሁለት 38፣ አንድ 37 አለ። የአንዱ ማሰሪያ የለውም። ነሐሴ ላይ ወደ አዲስ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ፤ አድራሻሽን በውስጥ ላኪልኝ።

---

የድሮዋ_አማካይ

ከዴንቨርም አራት ጥንድ አለ። ቁጥሬ ግን 35 ነው፤ እንዳትስቁ።